ሳጥን ውስጥ የገባች ጀልባ

«በቃ፣ አጥፊው! ድምፄን እኮ ዋጠብኝ!» ዋኖስ ማይኩን ከአፏ አውርዳ ጮኸች።

ጓደኛዋ ሽቦ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አንድ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኖቿን ጨፍናለች። «ኡምምምም…» ይላል ስፒከሩ፤ ሳያቋርጥ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ለዋኖስ ንብ የሞላበት ቀፎ ነው። ለሽቦ ግን ግራጫና ሰፊ ሆኖ ነበር የሚታያት፤ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ላይ እንደሚተኛ ጉም። በዚያ ጉም ውስጥ ቀስ ብላ እየሄደች፣ እግሯ ውሃ ሳይነካው፣ የሆነ ቦታ ልትደርስ ትንሽ የቀራት ይመስላት ነበር።

«ሽቦ! አንቺን እኮ ነው!»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«እኔን ሳይሆን እሱን ነው የምትሰሚው! የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ከንብ ጋር ልዘፍን ነው?»

ሽቦ ዓይኗን ገለጠች። ይህ ስም የወጣላት በቅጥነቷም፣ ኪሷ ሽቦ አጥቶ ስለማያውቅም ነው። ዋኖስ ደግሞ በድምፅዋ ነው ዋኖስ የተባለችው፤ ስትዘፍን የሚያልፍ ሰው ይቆማል። ችግሩ፣ አፏ ሁሌ ከእግሯ ይቀድማል። የትምህርት ቤቱ ማጉያ የተቃጠለ ዕለት፣ ማንንም ሳታማክር፣ በተማሪዎች ፊት ብድግ ብላ «ጓደኛዬ ትሰራለች!» አለች። ሽቦ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት ደስታዋ ነበር።

ግን ሰራችው። ከሞቱ ሬዲዮዎች ሆድ ዕቃ ነቅላ፣ ገጣጥማ፣ በይዳ፣ የአባቷ የመፍቻ ሳጥን የነበረው የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ማጉያው ድምፅ ማጉላቱን አጎላ። የሚያጎላው ግን ያልጠሩትንም ድምፅ ነው።

«ቲቸር ምን አሉሽ?» አለች ዋኖስ።

የፊዚክስ መምህሯ ሽቦን ላቦራቶሪ በር ላይ አግኝተው ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ከየት እንደማይመጣ እወቂ።»

ሽቦ ማይኩን ነቀለችው። ኡምታው አልጠፋም፤ እንግዲያው ከማይኩ አይደለም። የድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገችው። አሁንም አለ። ከዚያ ከባዱን ትራንስፎርመር ብሎኑን ፈትታ፣ በላስቲክ ጓንት ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ወደ ጎን አዞረችው። ኡምታው ቀጠነ። መልሳ አዞረችው፤ ወፈረ።

«እንዴ!» አለች ዋኖስ። «ፊቱን ስታዞሪው አኮረፈ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሽቦ ትራንስፎርመሩን ከስስ ሽቦዎቹ አርቃ የሳጥኑ ዳር ላይ አሰረችው። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘረጉትን የግራውንድ ሽቦዎችም ሁሉንም አንድ ብሎን ላይ ሰብስባ በየደቻቸው። ሥራው እስኪያልቅ ዋኖስ ተሰናብታ ሄዳ፣ ፀሐይም አዘቅዝቃ ነበር። ከሐይቁ የተንጸባረቀው ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ ኮርኒሱ ላይ ይርገበገባል። ሽቦ ትንፋሿን ውጣ ማብሪያውን ተጫነች።

ጸጥ።

ጉሙ ተገፎ ነበር። ሽቦ ፈገግ አለች። ድምፁን ከፍ አደረገችው። አሁንም ጸጥ። ትንሽ ጨመረችለት። ያኔ፣ ከጸጥታው ሥር፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር፣

ዱብ… ዱብ… ዱብ… ዱብ…

ማይኩ ተነቅሏል። ማንም ምንም አልነካም። ስፒከሩ ግን ሆዱ ወጣ ገባ እያለ ይተነፍሳል። «የቆጡን አወርድ ብዬ…» ማለት ጀምራ ሳትጨርሰው ቀረች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ኡምታው ሸፍኖት እንጂ ድሮም ከሥሩ ነበረ ማለት ነው።

ከጓዳ በኩል የባዶ እግር ሩጫ ተሰማ። ድንቡሼ ነው፤ ገና ትምህርት ቤት ያልገባው ታናሽ ወንድሟ። ፀጉሩ የትራሱን ቅርጽ እንደያዘ፣ እሷን እንኳ ሳያያት አልፎ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለ።

«አባዬ መጣ! እትዬ፣ ጀልባዋ መጣች!»

በሚቀጥለው ክፍል የእናታቸው የስፌት መኪና ድንገት ዝም አለ።

አባታቸው የጀልባ ነጂ ነበር። ሰውና ዕቃ ከዚህኛው ዳርቻ ወደ ማዶ ያሻግር ነበር። የጀልባዋ ሞተር ያረጀ ስለነበር ወደቡ ሲቃረብ ልክ እንደዚህ፣ ዱብ… ዱብ… ዱብ… እያለ ነው የሚያርፈው። ያለፈው ክረምት ላይ ታመመ፤ ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም። ጀልባዋን የገዛት ሰው አዲስ ሞተር ስለገጠመላት አሁን እንደ ትንኝ ነው የምትጮኸው። ድንቡሼ «አባዬ የት ሄደ?» ብሎ በጠየቀ ቀን፣ እናቱ ከቤት ሙሉ ለቀስተኛ መሃል አንገቷን ደፍታ «ማዶ» አለችው። ሌላ ቃል አልመጣላትም። በእነሱ ቤት ግን ማዶ የሄደ ሰው ሁሌም ይመለስ ነበር።

«የት አለች?» አለ ድንቡሼ ውሃው ላይ ዓይኑን እያንከራተተ። ከዚያ ዞር ሲል ሳጥኑን አየ። ቀረበ። ስፒከሩ ላይ መዳፉን ጫነ። ፊቱ ላይ የነበረው ጥያቄ ቀስ ብሎ ሟሟ። «እዚህ ውስጥ ናት እንዴ?»

ሽቦ ቦታ ለቀቀችለት።

ልጁ ወለሉ ላይ ጋደም ብሎ ጉንጩን ከሳጥኑ አስጠጋ። ያ ክረምት ካለፈ ወዲህ ድንቡሼ ተኝቶ አያውቅም ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ሲገላበጥ ያመሻል፣ ሲባንን ያነጋል። ዛሬ ግን ሽቦ ብርድ ልብስ እስክታመጣለት እንኳ አልጠበቃትም። አፉን ከፍቶ፣ ሐይቅ ላይ እንደተንሳፈፈ ቅጠል፣ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

እናቷ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር። የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች በሹክሹክታ።

«ብልሽት ነው። አስተካክለዋለሁ።»

እናቷ የተኛውን ልጅ አየችው። «አትንኪው» አለች በመጨረሻ። «ለጊዜው አትንኪው፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ከምሳ በኋላ ድንቡሼ ትራሱን ተሸክሞ ይመጣና «ጀልባዋን አምጪያት» ይላል። ሽቦ ማብሪያውን ትጫናለች። ዱብ… ዱብ… ዱብ… ኮርኒሱ ላይ የውሃ ብርሃን ይዋኛል፤ መጋረጃው ሸራ ይመስል ይነፋል፤ ወለሉም ትንሽ የሚወዛወዝ ይመስላል። እናቷ ቁልፍ የምትተክልበትን ልብስ ይዛ ትገባና ጥግ ላይ ትቀመጣለች። መርፌዋን ትሰካለች እንጂ አትስበውም። ሽቦ ዓይኗን ስትጨፍን የአባቷን የረጠበ ጃኬት ሽታ የምታገኘው ይመስላታል።

ብልሽቱ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ያንኳኳ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሳታውቀው መተው አትችልም፤ ተፈጥሮዋ ነው። አንድ ቀን ድንቡሼ ተኝቶ ሳለ ሳጥኑን ከፍታ የኤሌክትሪክ ዑደቱን ስትመረምር ነገሩ ቀስ በቀስ ገባት። የማጉያው የፊተኛው ክፍል ሹክሹክታ የሚሰማ ነው፤ የኋለኛው የሚጮኽ ነው። ሁለቱ ኤሌክትሪካቸውን ከአንድ ቧንቧ ይጠጣሉ። ጯሂው በኃይል ሲጎነጭ ቧንቧው ለአፍታ ይደርቃል። ሰሚው ይደነግጥና ድንጋጤውን እንደ ወሬ ያቀብላል። ጯሂው ያንኑ ወሬ አጉልቶ ይጮኻል፤ ለመጮኽ ደግሞ እንደገና ይጎነጫል። እንዲህ እያሉ እርስ በርስ ሲደናገጡ ይኖራሉ። ዱብ… ዱብ… ዱብ…

ለማረጋገጥ ለፊተኛው ክፍል ከዋናው መስመር ለይታ ባትሪ ድንጋይ ሰጠችው። የራሱ ውሃ አገኘ ማለት ነው። ድምፁ ወዲያው ቀጥ አለ።

ድንቡሼም ወዲያው ነቃ። «ሄደች?» አለ ከትራሱ ቀና ብሎ።

ሽቦ እጇ እየተጣደፈ ባትሪውን ነቅላ የድሮውን ሽቦ መለሰችው። ዱብ… ዱብ… «አልሄደችም። ተኛ።»

አሁን ግልጽ ነበር። ለፊተኛው ክፍል ኤሌክትሪኩን እንደ ውሃ አጠራቅሞ ማቆየት የነበረበት ካፓሲተር ከሬዲዮ የተነቀለ አሮጌ ነው፤ ውስጡ ደርቋል። በነጋታው ላቦራቶሪ ሄዳ መምህሯን ስትጠይቃቸው አዲስ ፈልገው ሰጧት። «አገኘሽው ማለት ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው። ሽቦ አመስግና ካፓሲተሩን ኪሷ ከተተችው። ኪሷ ውስጥም ቀረ።

«እሺ፣ እንዴት ሆነ?» ትላታለች ዋኖስ በየዕረፍቱ።

«አልተገኘም።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ሽቦ ለዋኖስ ዋሽታ አታውቅም። ውሸቱ የሚጠፋ ሳይሆን እንደ አሸዋ ጫማ ውስጥ የሚቀር ነገር ሆነባት። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ዋኖስ ሳትጠራ ከተፍ አለች። ሳጥኑ ተከፍቶ ነበር። ድንቡሼ ከእናቱ ጋር በዚያኛው ክፍል ስለሆነ ሽቦ ድምፁን አጥፍታ የሽቦዎቹን ብየዳ ታጠናክራለች። ዋኖስ እስክሪብቶ ልትዋስ የጓደኛዋ ጃኬት ኪስ ውስጥ እጇን ስትሰድ ካፓሲተሩን አወጣችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ቲቸር ዛሬ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ጓደኛሽ ችግሩን ፈታችው አይደል?› አሉኝ። ‹ኧረ አልፈታችውም› ብዬ ተከራከርኩላቸው! እኔ ሞኟ!»

«ዋኖስ…»

«ፈርተሽ ነው? ቀንተሽብኝ ነው? ምንድን ነው? ንገሪኛ!»

ሽቦ እጇን ሰዳ ማብሪያውን ተጫነች።

ዱብ… ዱብ… ዱብ…

ዋኖስ ድምፁን አወቀችው። በዚያች ጀልባ ስንት ጊዜ ተሳፍራለች። የሽቦ አባት ከፊት አስቀምጧት «ዝፈኝልን እስቲ፣ ሞተሩም ይሰልጥን» ይላት ነበር። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ለድንቡሼ ነው?»

«ለእሱ ነው። ለእማዬም። ለ…» አልጨረሰችውም።

«ለአንቺም» አለች ዋኖስ።

ጎን ለጎን ተቀምጠው አዳመጡ። ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ወፍ ውሃው ላይ ዝቅ ብላ አለፈች።

«በቃ ተይው» አለች ዋኖስ ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ ያለ ማይክም እዘፍናለሁ። እግዜር ሳንባ ሰጥቶኛል። ከኋላ የተቀመጡት ካልሰሙ፣ ያው ቀድመው ይምጡ።»

ሽቦ እየሳቀች እያለች ነው እናቷ የገባችው። «ድንቡሼ ወደ እናንተ አልመጣም?»

አልመጣም። ጓዳ ውስጥ የለም። ጓሮም የለም። የበሩ መቀርቀሪያ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የአባቱ ገመድም የለም።

ሽቦ ማንም ምንም ሳይላት ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን መንገድ በሩጫ ያዘችው።

ድንቡሼ ወደ ውሃው ገባ ያለው የእንጨት መድረክ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እግሮቹ ከውሃው በላይ ተንጠልጥለዋል። ገመዱ ከእሱ ስለሚበልጥ ግማሹ ጭኑ ላይ ተከምሯል፤ ግማሹ ውሃው ውስጥ ወርዷል። ውሃው ውስጥ የወረደውን ሊሰበስብ ወደ ፊት ሲያጎነብስ፣ ሽቦ መድረኩ እንዳይነቃነቅ እግሯን እየጎተተች ከኋላው ደርሳ በሁለት እጇ እቅፍ አደረገችው። ደረቷ የሚደልቀው ለእሱም ይሰማው ነበር።

«ለምን መጣህ? እ?» ልትቆጣው ነበር፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ።

ድንቡሼ አልፈራም። «ጀልባዋ ትመጣለች፣ ትመጣለች፣ ግን አትቆምም» አለ፤ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ። «የሚያስራት ሰው የለማ። አባዬ ገመዱን ሲወረውር የሚይዝለት ያ ሰውዬ ዛሬ የለም። ስለዚህ እኔ መጣሁ።»

ሐይቁ ለስልሶ ተኝቷል። ማዶ ያለው ዳርቻ በጭጋጉ ውስጥ አለ አይባል፣ የለም አይባል። ሽቦ በምላሷ ጫፍ ላይ የተዘጋጀ ቃል ነበራት። ‹ነገ ይመጣል።› ቀላል፣ ለስላሳ ቃል። ልጁ ይሰማት ነበር፤ እጇን ይዞ ይሄድላት ነበር፤ ቤት ሄዶም ይተኛ ነበር። ነገ ግን ደግሞ ገመዱን ይዞ ይወርዳል።

ቃሉን ዋጠችው።

«ና፣ ቤት እንሂድ» አለችው። «ስለ ጀልባዋ የማሳይህ፣ ስለ አባዬም የምነግርህ ነገር አለ።»

የራሰውን ገመድ እሷ ተሸከመችው። እናቷና ዋኖስ መንገድ ላይ አገኟቸው። እናቷ ልጁን አንስታ አንገቱ ሥር ፊቷን ቀበረች፤ ቤት እስኪደርሱም አላወረደችውም። ዋኖስ በሩ ላይ ስትደርስ የሽቦን ትከሻ ጨበጥ አድርጋ ተመለሰች።

ሽቦ ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተችው። ክዳኑን አነሳች። ድንቡሼ አጎንብሶ አየ። ውሃ የለም። ጀልባ የለም። ሽቦዎችና ትናንሽ ባለ ቀለም በርሜሎች ብቻ።

«ድምፁን የምታወጣው ጀልባዋ አይደለችም» አለችው። «እኔ ነኝ የሰራሁት። ስሰራው ተሳስቼ ነው እንደዚህ የሚለው።»

ልጁ ብዙ አሰበ። «ስህተትሽ ያምራል» አለ።

«አዎ። በጣም ያምራል።»

«ታዲያ አባዬስ? ማዶ ነው?»

ሽቦ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ እባክሽ፣ አትንገሪው የሚል መነቅነቅ። ሽቦ ዓይኗን አልሰበረችም። ድንቡሼን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ማዶ አይደለም። አባዬ ታሞ ነበር፤ ታስታውሳለህ? ሐኪሞቹ ሞከሩ፤ አልዳነም። ሞተ። የሞተ ሰው ደግሞ ቢወደንም፣ ቢናፍቀንም፣ አይመለስም። ገመድ ብንይዝለትም አይመለስም።»

ድንቡሼ አላለቀሰም። መጀመሪያ የሳጥኑን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ የራሱን ጉልበት ተመለከተ። ያለቀሰችው እናቱ ናት፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ባለችበት ቁጢጥ ብላ። ልጁ ይህን ሲያይ ከሽቦ ጭን ወርዶ ሄደና እናቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ያን ጊዜ እሱም አለቀሰ። የሕፃን ልቅሶ እንጂ የባነነ ልጅ ጩኸት አልነበረም። ሽቦም ሄደች። ሦስቱ አንድ ላይ ሆኑ፤ ብርሃኑ ከኮርኒሱ ወደ ግድግዳው እስኪወርድ ድረስ።

«እኔ ነኝ ማዶ ያልኩት» አለች እናቷ በመጨረሻ፤ ለሽቦም፣ ለልጁም፣ ለራሷም። «እኔው ነኝ።»

ድንቡሼ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልስማት?»

ሽቦ አበራችው። ዱብ… ዱብ… ዱብ… እናቷ በዚህ ጊዜ መርፌ አልያዘችም። ወለሉ ላይ አብራቸው ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ወለሉ ተወዛወዘ፤ መጋረጃው ተነፋ፤ ክፍሉ በሙሉ በእርጋታ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋ። ማንም ወደ መስኮቱ አልሄደም።

ሽቦ ልታጠፋው እጇን ሰድዳ ቆመች። የማን ፈቃድ እንደምትጠብቅ አላወቀችም።

እናቷ ዓይኗን ገለጠች። ተነስታ የመበየጃውን ገመድ ከጠረጴዛው ሥር ሳበችና ሶኬቱ ላይ ሰካችው።

«ቶሎ የሚግል ከሆነ» አለች፤ «እራት ሳይደርስ ትጨርሺዋለሽ።»

ሽቦ ማብሪያውን አጠፋች፤ የሳጥኑን ሶኬትም ነቀለች። አዲሱን ካፓሲተር አውጥታ እግሮቹን ቀና ቀና አደረገች። የትኛው የመደመር፣ የትኛው የመቀነስ እንደሆነ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየች።

«ጭሱ ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ ወደ እኔ በኩል ና» አለችው ድንቡሼን፤ እሱም በጉልበቱ እየዳኸ ዞሮ ከጎኗ ተቀመጠ።